አብራሪው ከየት ይምጣ?
የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱን ሰው ያሠለጠነበት ታሪክ

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሳች አንዲት ሲ-47 አውሮፕላን በአስመራ በኩል አድርጋ ካይሮ ገባች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ይኸው ነበር። አውሮፕላኗ ለጦር ሠራዊት ጭነት የተሠራች ስለነበረች ምቾት የሚባል ነገር አያውቃትም። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተጠግተው በተዘረጉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ ጭነቱ በሰንሰለት ተጠፍሮ አብሮት ይጓዛል።

ስሟ የኢትዮጵያ ነው። አብራሪው ግን አሜሪካዊ ነበር። ሞተሯን የሚፈታው መካኒክ፣ ቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ የሚያወራርደው፣ ከሁሉም በላይ ሆኖ ድርጅቱን የሚመራው ሰውም አሜሪካዊ ነበር።

የአየር መንገዱ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በአውሮፕላኖቹ ነው፤ ጄት መቼ መጣ፣ ድሪምላይነር መቼ ገባ ይባላል። አውሮፕላን ግን ገንዘብ ወይም ብድር ላገኘ ሁሉ ይሸጣል። ገበያ የማይወጣው አብራሪው፣ ቴክኒሽያኑና አስተዳዳሪው ነው። ቀጥሎ የሚነበበው የእነሱ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1929 እስከ 1944፦ በእጅ የሚቆጠሩት

ኢትዮጵያ አውሮፕላንን ያየችው አየር መንገድ ከማቋቋሟ ቀደም ብላ ነው። በ1929 ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ የምትባል አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነስቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። በዓመቱ ሁለት የአገሩ ልጆች የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ፤ ሚሽካ ባቢቼፍ፣ አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ እና አስፋው አሊ። ትንሽ ቆይቶ ሙሉእመቤት እምሩ በረራ ተማረች። ከጣሊያን ወረራ በፊት አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት የአውሮፕላን መሪ መጨበጧን ዛሬም ሲሰማ ማመን የሚያቅተው ሰው አለ።

ይህ ሁሉ ግን ጅምር ሆኖ ቀረ። የሠለጠኑት ሰዎች በጣት ይቆጠሩ ነበር፤ ትምህርቱም በአንድ አሠልጣኝና በአንድ ተማሪ መካከል ያለ የግል ጉዳይ ያህል ነው። ቋሚ ትምህርት ቤት የለም፣ ወርክሾፕ የለም፣ ተተኪ የለም። ወረራው ሲመጣ ያ ጥቂቱም ተበተነ።

ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በዚያ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች መርቷል። በ1944 ተመልሶ ሲመጣ ይዞት የመጣው ዋና ሥራ ማሠልጠን ነበር፤ አብረውት ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችም መጡ። ሮቢንሰን በ1954 ለታማሚ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር በደረሰበት አደጋ ሞተ፤ መቃብሩም አዲስ አበባ ነው። ከእሱ ጎን ለጎን ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘንና ባልደረቦቹ ቢሾፍቱ ላይ፣ ሳፊር በተባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች፣ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ወጣቶች በረራ ያስተምሩ ነበር። አገሪቱ በዚህ ጊዜ አሠልጣኝ አግኝታለች፤ የቀረው ሠልጣኙን የሚያሠራና ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ነው።

ከ1945 እስከ 1956፦ የኪራይ እውቀት

ከነጻነት በኋላ የአገሪቱ ዋና ሞግዚት መሆን የሚፈልጉት እንግሊዞች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ከአንድ ኃይል ጥላ ወጥተው ሌላ ወዳጅ ይፈልጋሉ። የውጭ ጉዳይ አማካሪያቸው አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር መስከረም ወር 1945 ላይ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ጋር ውል ተፈራረመ። ታኅሣሥ ላይ ድርጅቱ ተመሠረተ። የቦርዱ የመጀመሪያ ሊቀመንበር የሥራና መገናኛ ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ታፈሰ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁን ግን ቲ.ደብሊው.ኤ. ሾመ። ገንዘቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ እውቀቱ የአሜሪካኖቹ።

ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ይህ ውል የተለመደ የልማት ትብብር ይመስላል። በዘመኑ ግን አደገኛ ነበር። ብዙ አዲስ ነጻ የወጡ አገሮች በኋላ የተፈራረሙት እንዲህ ያለ ውል መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ የውጭ አገሩ ሰው ሥራውን ይዞ ይቆያል፣ የአገሩ ሰው ሻንጣ ይሸከማል፣ ውሉ ሲያልቅ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። የኢትዮጵያው ውል ከዚህ የተለየው ደጋግሞ መሻሻሉ፣ በየማሻሻያውም ሥራው ደረጃ በደረጃ ወደ አገሬው እጅ መተላለፉ ነው። ሽግግሩ ፈጣን አልነበረም፤ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

መጀመሪያ የተማረው የመሬት ሥራው ክፍል ነው። መንገደኛ መመዝገብ፣ ጭነት መመዘን፣ ሬዲዮ መነጋገር፣ ጎማ መቀየር። በሊደታ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ የአሜሪካኑን መካኒክ ቁልፍ እያቀበለ ዓይኑን ከእጁ ላይ የማያነሳ ወጣት የመጀመሪያው ሠልጣኝ ነበር ማለት ይቻላል። የእንዲህ ያሉት ሰዎች ስም በመጻሕፍት አይገኝም። የአየር መንገዱ ታሪክ ካፒቴኖችን ያስታውሳል እንጂ መካኒኮችን አያስታውስም፤ ይህ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ሁሉ የቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ቁልፍ በማቀበል የሚገኝ እውቀት ግን ገደብ አለው። አስተማሪው የሚያሳየውን ብቻ ያስተምራል፤ ለምን እንደሚሠራ አይነግርም። ሰውየው ሲሄድ ትምህርቱም አብሮት ይሄዳል። በ1956 የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ መመሥረቱ ለዚህ ነው ትልቅ የታሪክ መታጠፊያ የሆነው። ከዚያ ወዲያ እውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በክፍል፣ በመጽሐፍ፣ በፈተናና በወርክሾፕ ውስጥ መቀመጥ ጀመረ።

ከ1957 እስከ 1971፦ አራት መስመር በትከሻ ላይ

በ1957 አለማየሁ አበበ በካፒቴንነት ኃላፊነቱን ብቻቸውን ይዘው አውሮፕላን አበረሩ። የካፒቴን ምልክት የሆነውን አራት መስመር ትከሻቸው ላይ ያደረጉ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አብራሪ ናቸው። ከመጀመሪያው የካይሮ በረራ አሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ረጅም የሚመስለው የአብራሪነትን መሰላል ለማያውቅ ሰው ነው። ሠልጣኝ አብራሪ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ የአየር ሁኔታን፣ የሞተርን፣ የአየር ጉዞ አቅጣጫ ስሌትንና ሕጉን ይማራል። ከዚያ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ከአሠልጣኝ ጋር ይቀመጣል፤ አንድ ቀን አሠልጣኙ ወርዶ ብቻውን ይልከዋል። ሰዓቱ ሲሞላ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ያገኛል። ይህን ሁሉ አልፎ ገና ረዳት አብራሪ ነው። በትልቅ አውሮፕላን ቀኝ ወንበር ላይ ዓመታት ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት አውሮፕላን እንደ አዲስ ይሠለጥናል፤ በየስድስት ወሩ ገደማ ይፈተናል። ከቀኝ ወንበር ወደ ካፒቴኑ ግራ ወንበር መሻገር በሜትር ቢለካ አንድ እርምጃ አትሆንም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ሞተር የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይጠይቃል። በሙቀት ሰዓት ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት በባሕር ዳርቻ ከተማ እንደመነሳት አይደለም። እዚህ ሠልጥኖ ያደገ አብራሪ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለምደዋል።

ከዚያ ጄቱ መጣ። በ1962 ማለቂያ ላይ ቦይንግ 720 ቢ ገባ፤ ሊደታ ለጄት የሚበቃ ሜዳ ስላልነበረው ቦሌ ተሠርቶለት ነበር። ከፕሮፔለር ወደ ጄት መሻገር ለአብራሪው ትልቅ ነው፤ ለመካኒኩ ግን ከዚያም ይበልጣል። ፒስተን ሞተር ያወቀ ሰው ጄት ሞተር ፊት ሲቆም እንደገና ተማሪ ይሆናል። በ1960ዎቹ የአብራሪዎችና የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያኖች ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን ችለው መደራጀታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የጥገና ወርክሾፕን ያየ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። አዲስ ገቢ ሠልጣኝ አውሮፕላን አጠገብ ከመድረሱ በፊት ቁራጭ ብረት በሞረድ እየሞረደ፣ እየለካ፣ እንደገና እየሞረደ ይውላል፤ የሚማረው መለካትንና መታገስን ነው። ከዚያ ቡሎን እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ይለማመዳል። መካኒኮች ሴፍቲ ዋየር የሚሉት ነው። ሽቦው ቡሎኑ እንዲጠብቅ በሚያደርገው አቅጣጫ ካልተጠመዘዘ አሠልጣኙ ቆርጦ ይጥልና እንደገና ያሠራል። የመሣሪያ ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቅርጽ ተስሎለታል፤ ማታ አንዱ ቅርጽ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ቁልፉ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይለቀቅም። ምክንያቱም ያ ቁልፍ ሞተር ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ልማድ ሰው በንግግር አይማረውም፤ አንድ ሌሊት ተንበርክኮ ቁልፍ ሲፈልግ ነው የሚገባው።

በ1965 ድርጅቱ የአክሲዮን ማኅበር ሆነ። በ1970 ውሉ ለአምስተኛ ጊዜ ሲሻሻል ቲ.ደብሊው.ኤ. ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከመጀመሪያው በረራ 25ኛ ዓመት ላይ ነው። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ የአሜሪካኖቹ ግንኙነት አበቃ።

ከ1974 እስከ 1991፦ ሶሻሊስት መንግሥት፣ የአሜሪካ አውሮፕላን

አብዮቱ ሲፈነዳ የውጭ አገር ባለሙያ ተነስቶ ቢሄድ አየር መንገዱ ይቆም ይሆን የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መልስ አግኝቶ ነበር። ደርግ ብዙ ድርጅቶችን ሲወርስ ሥራ የሚያውቁት ሰዎቻቸው ተበተኑ፤ የአየር መንገዱ ግን አብራሪውም ቴክኒሽያኑም የአገሩ ሰው ነበር። የተረፈው በፖሊሲ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት የሠለጠነ ሰው ስለነበረው ነው።

ጉዳቱ ግን ቀላል አልነበረም። የፖለቲካ ሹመት፣ ጦርነትና የነዳጅ ዋጋ ተደምረው ድርጅቱን ወደ ኪሳራ አፋፍ ገፉት። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አህመድ ኃላፊነቱን ተረከቡ፤ አየር መንገዱ በንግድ ሥርዓት እንዲመራ አድርገው ወደ ትርፍ መለሱት። መሪው ራሳቸው አብራሪ መሆናቸው ልብ ይባል።

የዚያን ጊዜ ትልቁ እንግዳ ነገር መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግኖ እያለ አየር መንገዱ ከቦይንግ ጋር መቀጠሉ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በግልጽ የሥልጠና ጉዳይ ነበር። የሶቪየት አውሮፕላን መግዛት ማለት አብራሪውን፣ ቴክኒሽያኑን፣ መለዋወጫ መጋዘኑን፣ የመማሪያ መጻሕፍቱን ሁሉ ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ሃያ ዓመት የተገነባ እውቀት በአንድ ግዢ ከንቱ ይሆናል። በ1984 የገባው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ዱለስ ተነስቶ ሳያርፍ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። ጉዞው አሥራ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ፈጅቷል።

የቴክኒሽያኖቹ አቅም ምን ያህል እንደደረሰ ግን ከ767 ይልቅ የምታሳየው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት። በ1980ዎቹ አጋማሽ አየር መንገዱ በአሜሪካኖች ፈቃድ አግ-ካት የተባለች የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጥሞ ማውጣት ጀመረ። ስሟንም እሸት አላት። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ሳይሞላ ቁልፍ ከማቀበል እስከ አውሮፕላን መግጠም መድረስ ግን የሚረሳ ነገር አልነበረም።

ከ1991 እስከ 2010፦ የሚሄዱትና የሚመለሱት

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የመጡት ዓመታት በአንድ አንቀጽ ያልፋሉ፤ አየር መንገዱ በረራውን አላቋረጠም፣ አውሮፕላንም ተካ፣ አመራሩ ግን ተለዋወጠ።

በእነዚያ ዓመታት የሥልጠናን ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያሳየው ክስተት መራራ ነው። በኅዳር 1996 ወደ ናይሮቢ የምትበረው 767 ተጠለፈች። ጠላፊዎቹ ነዳጅ አይበቃም ቢባሉም አልሰሙም። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ፣ ነዳጅ አልቆ ሞተሮቹ ጸጥ ባሉበት፣ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፏት። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። እንዲህ ያለ ማረፍ ማንም በእውነተኛ አውሮፕላን የሚለማመደው ነገር አይደለም፤ እጅ የሚያውቀው ሁሉ ግን በዚያች ደቂቃ ይወጣል።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ጥያቄ እየገፋ መጣ። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በፍጥነት እያደጉ ነበር፤ የሠለጠነ አብራሪና ቴክኒሽያን ደግሞ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ላይ ተምሮ፣ ቦይንግ ላይ ልምድ ያካበተ ሰው ዱባይ ወይም ዶሃ ሲሄድ ደመወዙ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በየቤቱ ‹‹ልጃችን ገልፍ ገባ›› የሚል ወሬ ነበር። አየር መንገዱ ያፈራውን ሰው ሌላው እየወሰደው ነበር።

ድርጅቱ መልስ የሰጠው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ሠልጣኙ ከመጀመሩ በፊት ለተወሰነ ዓመት የማገልገል ውል ይፈርማል። ሁለተኛው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ያሠለጥናል፤ ጥቂቶቹ ቢሄዱም ወንበሩ ባዶ አይቀርም። ሦስተኛውና በጣም ብልኃተኛው፣ ማሠልጠኛውን ራሱን ገበያ ላይ አወጣው። ከአፍሪካ አገሮች አየር መንገዶች የተላኩ ሠልጣኞች ክፍያ ከፍለው አዲስ አበባ መማር ጀመሩ። ወጪ ይባል የነበረው ክፍል ገቢ የሚያመጣ ክፍል ሆነ። በሰው ኃይል ልማት ላይ ንግግር የሚያደርጉ ብዙዎች ይህን ‹‹ሞዴል›› ሲሉት ይሰማል፤ ውስጡ ግን ችግር የወለደው መላ ነበር።

ከሄዱት አንዱ ግርማ ዋቄ ናቸው። በ1960ዎቹ አየር መንገዱ ውስጥ ሥራ ጀምረው፣ ለብዙ ዓመት አገልግለው፣ በኋላ ወደ ጋልፍ ኤር ሄዱ። በ2004 ተመልሰው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። የሄደ ሰው ከሌላ ድርጅት የተማረውን ይዞ ሲመለስ ምን ያህል ጥቅም እንደሚሰጥ ለማየት ከዚያ ወዲያ ያለውን የመንገድ ካርታ ማየት ይበቃል፤ አውሮፕላኑም መዳረሻውም በዛ። ተከታያቸው ተወልደ ገብረማርያም በ1980ዎቹ አጋማሽ የጭነት ክፍል ሠራተኛ ሆነው ነበር የገቡት። ከውጭ የተሾመ አለቃ ሳይሆን ከታች የወጣ አለቃ መቀመጫውን መያዙ ልማድ ሆነ።

ከ2010 እስከ 2018፦ ማሠልጠኛው ራሱ ኢንዱስትሪ ሲሆን

በ2010 ‹‹ራዕይ 2025›› የሚባለው ዕቅድ ሲወጣ ከዋና ምሰሶዎቹ አንዱ የሰው ኃይል ነበር። ማሠልጠኛው ሰፋ፤ በዓመት የሚቀበለው ሠልጣኝ ከመቶዎች ወደ ሺዎች አደገ። የሥራ ማስታወቂያው ሲለጠፍ በየክልል ከተማው የሚሰለፈው ወጣት ብዛት የበዓል ሰሞን ገበያ ይመስላል።

በዚያው ዓመት አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ሴት ካፒቴን ሆነች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው አርክቴክቸር ነበር፤ ከዚያ በረራ ተምራ በረዳት አብራሪነት ዓመታት አገልግላ፣ አራተኛውን መስመር ኪው 400 በተባለ አውሮፕላን ላይ አገኘች። በኅዳር 2015 ከአዲስ አበባ ባንኮክ የሄደው በረራ ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ፣ ከመሬት ሥራ እስከ በረራ ቁጥጥር በሴቶች ብቻ ተሠራ፤ ካፒቴኗ አምሳለ፣ ረዳቷ ሰላም ተስፋዬ ነበሩ። የሙሉእመቤት እምሩ ስም በዚያ ሰሞን እንደገና ተነሳ። በሁለቱ መካከል ሰማንያ ዓመት ገደማ አለ።

ሥልጠናው ድንበርም ተሻገረ። በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ የተመሠረተው አስካይ የተባለ አየር መንገድ በ2010 ሥራ ሲጀምር፣ በኋላም የማላዊ አየር መንገድ ሲቋቋም፣ ኢትዮጵያውያን የአክሲዮን ድርሻ ብቻ ሳይሆን አስተዳዳሪ፣ ቴክኒሽያንና አሠልጣኝ ይዘው ሄዱ። በ1946 ቲ.ደብሊው.ኤ. የነበረበትን ወንበር አሁን አዲስ አበባ ተቀመጠችበት። ወንበሩ ሲገለበጥ ደግሞ ጥያቄውም ይገለበጣል፤ ሎሜም አንድ ቀን ‹‹አብራሪው ከየት ይምጣ?›› ብላ ትጠይቃለች።

ከ2019 ወዲህ፦ ሲሙሌተሩ ያልነገረው

ሲሙሌተር ከውጭ ሲታይ በረጃጅም እግሮች ላይ የቆመ ነጭ ሣጥን ነው። ውስጡ ግን እውነተኛ ኮክፒት ነው፤ መስኮቱ ላይ የቦሌ ማኮብኮቢያ፣ ጆሮ ላይ የሞተር ድምፅ። አብራሪዎቹ ይንደረደራሉ። ቪ-ዋን የሚባለው ፍጥነት ሲደርስ፣ ማለትም ከዚህ ወዲያ ማቆም በማይቻልበት ቅጽበት፣ ከኋላ የተቀመጠው አሠልጣኝ አንድ ቁልፍ ይነካል። የግራ ሞተር ይቃጠላል። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይጎተታል። ካፒቴኑ እግሩን በቀኝ ፔዳል ላይ ይጭናል። ላብ ይወርዳል፤ ሣጥኑ ከአዳራሹ እንዳልወጣ እያወቁ።

አሠልጣኙ ማስገባት የሚችለው ግን የሚያውቀውን ብልሽት ብቻ ነው። የአውሮፕላኑ አምራች የደበቀውን ማንም ሊያሠለጥንበት አይችልም።

መጋቢት 10 ቀን 2019 በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆየና ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ አዲሱ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ ካፒቴኑ ያሬድ ጌታቸው፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ። በቀጣዮቹ ቀናት አንዳንድ የውጭ አገር ድምፆች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹና ወደ ሥልጠናቸው ቀሰሩ። የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት ብዛት በየጋዜጣው ተቆጠረ።

ነገሩ ሲመረመር ግን የሥልጠና ጥያቄው ወደ ሲያትል፣ ወደ ቦይንግ ዞረ። ማክስ የተሸጠው ለአየር መንገዶች ትልቅ ማባበያ በሆነ ቃል ነበር፤ የድሮውን 737 የሚያውቅ አብራሪ ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልገውም የሚል። ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ሲሙሌተር ካስፈለገ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲቀነስለት ተዋውሎ ነበር። ኤምካስ የተባለው፣ አፍንጫውን በራሱ የሚደፋው ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተብራራም። የሥልጠና ወጪን ለመቆጠብ ሲባል የተደበቀ ነገር፣ ቀደም ሲል የወደቀ ሌላ ማክስ ጨምሮ፣ ሁለት አውሮፕላኖችንና 346 ሰዎችን አጠፋ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ቦይንግንና ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት በግልጽ ወቀሰ። ቦይንግም በ2021 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለሟች ቤተሰቦች ተጠያቂነቱን ተቀበለ። ሐሳቡን የለወጠው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ማክስ ለሚያበሩ ሁሉ የሲሙሌተር ሥልጠና እንዲሰጥ መከረ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ማሠልጠኛው መስፋቱን አላቆመም። በ2020ዎቹ መጀመሪያ አካዳሚው ወደ ኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አደገ፤ ከአብራሪና ከቴክኒሽያን ትምህርት ጎን የዲግሪ ትምህርት ጀመረ። በ2022 የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት መስፍን ጣሰውም የዚያው ቤት ልጅ ናቸው፤ ሎሜ ሄደው አስካይን መርተው ተመልሰዋል። በወጣት መሐንዲስነት የገቡት በ1984 ነው፣ 767 ከዋሽንግተን በርሮ በመጣበት ዓመት።

ቀጣዩ ሥራ ቢሾፍቱ ላይ ነው፤ ስዊድኖቹ ሳፊር ያበርሩ በነበረበት አካባቢ። አየር መንገዱ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ሊያስተናግድ የሚችል አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አቡሴራ በተባለ ቦታ ለማሠራት ተነስቷል። ማማውን የሚቆጣጠር፣ ሻንጣ የሚያስተላልፈውን ማሽን የሚጠግን፣ ሌሊት ሃንጋር ውስጥ ሴፍቲ ዋየር የሚጠመዝዝ ሰው ብዛቱ ገና ከአሁኑ እየተሰላ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።